ያለ ማስመሪያ

ብሩሹ የዶሮ ላባ ነው። ጥቂት ላባ አንድ ላይ ይያዝና ከቀጭን እንጨት ጫፍ ጋር ይታሰራል፤ አለቀ። የሱቅ ብሩሽ ፀጉሩ እኩል ተከርክሞ፣ በቆርቆሮ ታፍኖ ይመጣል። ላባ ግን አጥንት አለው። አጥንቱ መሐል ለመሐል ይወርዳል፤ ጭራዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ቀለም ውስጥ ሲነከር ቀለሙ በጭራዎቹ መካከል ያቁርና፣ ብሩሹ ሲጎተት ጥቂት በጥቂት ይለቃል። አንድ ንክር ሩቅ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጫፉ ስለሚሾል የሚተወው መስመር ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ዕዳም አለው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ላባ አይሸሽግም።

በዚህ ብሩሽ ደቡብ አፍሪካዊቷ የንዴቤሌ ሠዓሊ ጎጎ ኤስተር ማህላንጉ ከአሥር ዓመት ልጅነታቸው ጀምሮ መስመር ሲያሰምሩ ኖረዋል። ማስመሪያ አይዙም። በእርሳስ አይነድፉም። ግንበኛ ቱንቢና ውሃ ልክ አለው። ሰሌዳ ጻፊ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮ ይለቀዋል፤ ክሩ ያረፈበት ይሰመራል። ብራና ጸሐፊ እንኳ መጀመሪያ ቆዳውን ዳርና ዳር በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራል፤ ቀለም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጎጎ ኤስተር ከነዚህ አንዱንም አይጠቀሙም። ባዶው ግድግዳ ፊት ይቆማሉ፤ ያዩታል፤ ጥቁሩን መስመር ይጀምራሉ።

«ጎጎ» በንዴቤሌም በዙሉም አያት ማለት ነው። እዚህ ጆሃንስበርግ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠች፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘች አሮጊት ሁሉ ጎጎ ናት። እኛ «እማማ» እንደምንለው ነው። ባለዶክትሬቷን ኤስተርንም አገሩ የሚጠራቸው በዚሁ ነው፤ የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2018 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ጎጎ ናቸው። የራሴን አያት «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እሳቸውን ግን አንቱ ማለት ይቀናኛል። አላውቃቸውማ። የማውቀው መስመራቸውን ነው።

መስመሩን ቀርቤ ያየሁት ብራምፎንቴይን በሚገኘው የዊትስ አርት ሙዚየም ነው። የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የሰበሰበው ዐውደ ርእይ በ2024 መጀመሪያ ላይ ኬፕታውን በሚገኘው ብሔራዊ ጋለሪ ተከፈተ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ጆሃንስበርግ መጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።) ከጄፒ ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩ። ጄፒ ያልኩት አበሻው ተሰብስቦ የሚነግድበትን መንገድ ነው። ሰሌዳው ላይ ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፤ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ነው። ራሂማ ሙሳ ነሐሴ 1956 ላይ ሃያ ሺህ ያህል ሴቶችን እየመሩ ወደ ፕሪቶሪያ ከተመሙት አራት ሴቶች አንዷ ናቸው። የአራቱም ስም እዚያው አካባቢ ባሉ መንገዶች ላይ ተጽፏል። የኛ ሰው ግን ጄፒ ማለቱን አልተወም። ዘመዴ እዚያ ብርድ ልብስ ይሸጣል። «ጨርቅ እንኳ የማይገዛበት ሙዚየም ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሸኘኝ።

ዐውደ ርእዩ የተሰየመው በአማርኛ ቢመለስ «ያኔ ሥዕል እንደምችል አወቅሁ» በሚል ነው። አባባሉ የራሳቸው ነው። መነሻው አንድ የጓሮ ግድግዳ ነው።

ኤስተር ማህላንጉ ኖቬምበር 11 ቀን 1935 ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ባለችው ሚድልበርግ አጠገብ፣ በነጭ ገበሬ እርሻ ላይ ተወለዱ። እናትና አያታቸው ግድግዳ ቀቢዎች ነበሩ። የደቡብ ንዴቤሌ ሴት ሁሉ ነበረች ማለት ይቀላል። ወንድ ልጆች ለአቅመ አዳም መድረሳቸው ወደሚከበርበት ሥርዓት ሲላኩ ሴቶቹ ቤቱን እንደገና ይመርጉታል፤ ይቀቡታል። ልጆቹ ሰው ሆነው ሲመለሱ አዲስ ግድግዳ ይቀበላቸዋል። ሥራው ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ተማሪ ቤት የለውም። ልጅቱ ታያለች፣ ጭቃ ታቀብላለች፣ ቀለም ትበጠብጣለች።

ትንሿ ኤስተር ማቀበል አልበቃትም። እናትና አያቷ ለምሳ ዕረፍት ሲገቡ የተተወውን ብሩሽ ታነሣና ከቆሙበት ትቀጥላለች። ተመልሰው ሲያዩት የነሱ መስመር ያበቃበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የጠመመ ነው። ተቆጧት። ሁለተኛ እንዳትነኪ ተባለች። በማግሥቱ ነካች። በመጨረሻ ዘዴ ተገኘላት፤ እንግዳ የማያየው የቤቱ ጀርባ ተሰጣት። እዚያ የፈለገችውን ትቀባለች። ቀባች። አያቷና እናቷ እየዞሩ ማየት ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ «ነይ ወደ ፊት» አሏት። ያኔ እንደምትችል አወቀች።

ይህን ታሪክ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። እኔን የያዘኝ ቅጣቱ ነው። ቅጣት መስሎ የተሰጣት ነገር አንድ ሙሉ ግድግዳ ነው። ልጅ ያን ያህል ስፋት ያለው ደብተር ከየት ታገኛለች? ደግሞም ግድግዳው ራሱ አራሚ ነው። በደረቁ ወራት ትቀቢዋለሽ፤ ዝናቡ ሲመጣ ያጥበዋል፤ እንደገና ትመርጊዋለሽ፤ እንደገና ትቀቢዋለሽ። ያለፈው ዓመት ጠማማ መስመር የትም ተቀምጦ አያሳፍርሽም።

ግድግዳውን አማራ አገር ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ጭቃና እበት ነው። ጭቃው ይመረጋል፤ ሲጠነክር በእበት ይለቀለቃል። እበቱ የተሰነጠቀውን ይሞላል፤ ሲደርቅ ለስላሳ ገጽ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ወለል የምትለቀልቅ ሴት መዳፏ ያለፈበት ከፊል ክብ እየተደራረበ ይቀራል፤ ፀሐይ በጎን ሲመታው ይታያል። ንዴቤሌዎቹ ከዚሁ ነው የተነሡት። በቀለም ከመሥራታቸው በፊት ርጥቡን ልቅልቅ በጣት እየሸነተሩ ያስጌጡት ነበር። ቀለሙም ከመሬት ነው የመጣው፤ ቀይና ቢጫ አፈር፣ የኖራ ነጭ፣ የጥላሸት ጥቁር። ሰማያዊውን ግን ከመሬት አልቆፈሩትም። እሱን ከልብስ ማጠቢያ ወሰዱት፤ ነጭ ልብስ እንዲደምቅ በመጨረሻው ውኃ የሚበጠበጠውን ሰማያዊ ዱቄት ግድግዳ ላይ አዋሉት። በነጭ ቤት አንሶላ ስታጥብ የዋለች ሴት ናት ይህን ያሰበችው ብዬ እገምታለሁ። በኋላ የሱቅ ቀለም መጣ፤ ሐምራዊውም አረንጓዴውም ገባ።

ከዚህ ሥዕል ጀርባ ጦርነት አለ። በ1882 እና 1883 የቦር ሪፐብሊክ ጦር የንዴቤሌን ንጉሥ ንያቤላን ከብቦ ሕዝቡን በረሃብ አስጨንቆ አስገበረ። መሬቱ ተወሰደ። ሰዉ በየቤተሰቡ እየተከፋፈለ ለነጭ ገበሬዎች አምስት ዓመት በግዴታ እንዲሠራ ተሰጠ። ጎጎ ኤስተር እርሻ ላይ የመወለዳቸው ነገር ከዚህ ይመዘዛል። የግድግዳው ሥዕል የደመቀውም ከመበተኑ በኋላ ባለው ዘመን ነው። አንዳንዶች ሥዕሉ ገዢዎች የማያነቡት የምስጢር ጽሕፈት ነበር ይላሉ። ይህን አባባል አልወደውም። ምስጢር ያለው ሰው መንገድ ዳር ባለ ግድግዳ ላይ በአምስት ቀለም አይጽፈውም። በየሰው እርሻ ተበትኖ የሚኖር ሕዝብ ቤቱን ከሩቅ ሊያሳውቅ መፈለጉ ይበቃል።

ቅርጾቹ ራሳቸው ዓይንን ወደ ኑሮ ይመልሱታል። ደረጃ አለ፤ የቤት ጣሪያ አለ፤ የመብራት አምፖል አለ። በብዛት የሚመላለሰው አንድ ቅርጽ ምላጭ ነው፤ ድሮ ጢም የሚላጭበት፣ ሁለት ስለት ያለው፣ መሐሉ የተበሳሳ። ምላጭን በእጁ ይዞ በጥሞና ያየው ሰው ያውቃል። በግራም በቀኝም፣ በላይም በታችም እኩል ነው። የትኛውም ወገን ቢታጠፍ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ቅርጽ ለሚስል ሰው ትልቅ ፈተና ነው፤ አንዱ ወገን ከሌላው ትንሽ ከበለጠ ወዲያው ይነግርበታል።

ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ሸራ ፊት ብዙ ቆምኩ። መጀመሪያ ጥቁሩን ብቻ ለማየት ወሰንኩ። ጥቁሩ አጥንት ነው፤ ቀድሞ ይሰመራል፤ ቀለሙ በኋላ ይገባበታል። ወፍራሙ ጥቁር ቅርጹን ይይዛል። አጠገቡ ነጭ ይተዋል። ከነጩ ወዲያ ቀለሙ ይመጣል። ነጩ ባይኖር ቀይና ሰማያዊው ይጋፉ ነበር። ነጩ ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ማዕዘኖቹን አየሁ። ሁለት መስመር በሚገናኝበት ቦታ ብዙ ሠዓሊ ያልፋል፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ተርፎ ይወጣና በቀለም ይሸፈናል። እዚህ ግን ላባው ከማዕዘኑ ሳይደርስ ቀለል ብሎ ይነሣል፤ ሁለተኛው መስመር መጥቶ ቦታውን ይሞላል። ቀለሙ ሲያልቅም ይታያል። ላባው አዲስ የተነከረበት ቦታ ጥቁሩ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው። ከክንድ ርቀት በኋላ ይሳሳል። ከዚያ አዲስ ንክር ይጀምራል። መጋጠሚያውን ለማግኘት ጎንበስ ብሎ ብርሃኑን በጎን መቀበል ያስፈልጋል። ከፊት ለፊት አይገኝም።

መስመራቸውን ከንክር እስከ ንክር እየተከተልኩ ሳለ የአያቴ ክር ነው ትዝ ያለኝ።

አያቴ ደብረ ታቦር ነው የኖረችው። እድሜዋን በዓመት ተናግራ አታውቅም፤ ጣሊያን ሲገባ ትልቅ ልጅ እንደነበረች ብቻ ነው የምትናገረው። ከአገር ስወጣ የሰጠችኝ ጋቢ እዚህ አለ። ጆሃንስበርግ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሙቀት ብቻ አይደለም። ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ሐምሌ ሌሊት ብርዱ ደረቅ ነው፣ አጥንት ይገባል። የዘመዴ ሱቅ ብርድ ልብስ ሞልቶ እያለ እኔ በጋቢ ነው የማድረው። ዘመዴ ይህን እንደ ንግድ ስድብ ነው የሚቆጥረው።

አያቴ ጥጡን ስታዘጋጅ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ጥጡ ከቆላ ገበያ ይመጣል፤ ፍሬው ከውስጡ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታኖረውና በብረት ዘንግ ትዳምጠዋለች። ፍሬው ከፊት እየፈለቀ ይወጣል፤ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ ደጋን ነው። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ውስጥ አስገብታ ትነድፈዋለች፤ ጅማቱ ሲርገበገብ የተጠቀጠቀው ጥጥ ይፈታል፣ ይነፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን ጠቅልላ አመልማሎ ታደርጋለች። አመልማሎው በግራ እጇ፣ እንዝርቱ በቀኟ። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፤ እየሾረ ይንጠለጠላል። ግራ እጇ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሁለት ጣቷ መሐል ክር ይወጣል።

የክሩን ውፍረት የሚለካ ነገር አልነበረም። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ናቸው ልኩ። ድሩ ቀጭንና ጠንከር ብሎ የተከረረ መሆን አለበት፤ ሸማኔው ወጥሮ ነው የሚሠራበት፣ ከላላ ይበጠሳል። ማጉ ደግሞ ወፈርና ለስለስ ይላል፤ ሙቀቱን የሚይዘው እሱ ነው። ከወሬ ጋር ትፈትላለች፤ ከጸሎት ጋር ትፈትላለች፤ ሰው ቡና ሲጠጣ ትፈትላለች። ልቃቂቱ እያደገ ይሄዳል። በቂ ሲሆን ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል። ጥለት ሲያስገባ ክር ይቆጥራል። የሱ ሥራ ቁጥር አለው። የሷ የለውም።

ጋቢዬ አራት ድርብ ነው። ስፌቱ በእጅ ነው። መስኮት አጠገብ ዘርግቼ አንድ ድር በጥፍሬ እከተላለሁ። ስንዝር ያህል እኩል ይሄዳል፤ ትንሽ ይወፍራል፤ እንደገና ይስተካከላል። የወፈረበት ቦታ አመልማሎ የቀየረችበት ነው። አዲሱን ጥጥ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አሳስታ አብራ አከረረችው። ቋጠሮ የለውም። ስፈልግ ቆይቼ በሙሉ ጋቢው ያገኘሁት ቋጠሮ ጥቂት ነው፤ እነሱም ሸማኔው ያበጃቸው ይመስሉኛል።

የላባው ንክርና የአመልማሎው ቅያሪ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሁለቱም ቦታ እጅ ማቆም አለበት፤ ቀለም ያልቃል፣ ጥጥ ያልቃል። የሥራው ደረጃ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ወደ ጎጎ ኤስተር ልመለስ። ከ1980 እስከ 1991 ሚድልበርግ አጠገብ በሚገኘው የቦትሻቤሎ መንደር ሙዚየም እየኖሩ ይሠሩ ነበር። በ1986 የፈረንሳይ አጥኚዎች እሳቸው የቀቡትን ቤት አዩ። በ1989 ፓሪስ ላይ «የምድር አስማተኞች» ልንለው የምንችል ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ከመቶ በላይ ከሚሆኑት ተጋባዥ ሠዓሊዎች መካከል አንዷ ሆኑ። ሄዱ። ቤታቸውን የሚመስል ቤት እዚያው ተሠራላቸውና ቀቡት። የወግ ግድግዳ ከነሙሉ ክብሩ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው፤ ዝናብ ግን አልመታውም። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ታጥቦ የማያውቅ ግድግዳ ሲቀቡ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ሸራ ላይ ፊርማና ዓመት ይጽፋሉ፤ የእናታቸው ግድግዳ ፊርማ አልነበረውም።

በ1991 መኪና ቀቡ። ቢኤምደብልዩ ከ1975 ጀምሮ ለታወቁ ሠዓሊዎች መኪና እየሰጠ ያስቀባል። አንዲ ዋርሆል በ1979 አንዱን ሲቀባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። አሥራ ሁለተኛው ለጎጎ ኤስተር ደረሰ፤ 525አይ ነበር። ከዚያ በፊት ሴት አልተጋበዘችም። አንድ ሳምንት ፈጀባቸው።

ግድግዳ ቀለም ይጠጣል። ጭቃና እበት ላይ ላባ ሲጎተት ገጹ ራሱ ቀለሙን ይስባል፤ መስመሩ ባረፈበት ይቀራል። የመኪና ብረት አይጠጣም። ቀለሙ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ላባው ይንሸራተታል። ግድግዳ ዝርግ ነው፤ የሞተር ክዳን መሐሉ ከፍ ብሎ ጎኑ ይወርዳል። ቀጥ ያለ መስመር ጎባጣ ነገር ላይ ሲወርድ ከፊት የሚያየው ሰው ጎብጦ ያየዋል። ስለዚህ እጅ ቀጥታውን ትቶ ቀጥታ የሚመስለውን መከተል አለበት። በር ደግሞ ይከፈታል። በሩና ጎኑ መሐል ጣት የማያስገባ ክፍተት አለ፤ ቅርጹ ያን ክፍተት ሲያቋርጥ ወዲያና ወዲህ ያለው ካልገጠመ ሥራው ይፈርሳል። መኪናው ለኬፕታውኑ ዐውደ ርእይ በ2024 ወደ አገሩ ሲመለስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ኩባንያው ሌላ መኪና ሎስ አንጀለስ ላይ አሳየ። በላዩ 1,349 ቁራጭ ፊልም ተለብጦበታል። እያንዳንዱ በሌዘር የተቆረጠ ነው፤ እያንዳንዱ በኤሌክትሪክ ለብቻው ቀለሙን ይቀይራል። የጎጎ ኤስተር ቅርጾች ይበሩበታል፣ ይጠፉበታል። ስሙ ኖስቶካና ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ስም። የመሐንዲሶቹን ድካም አልንቅም፤ 1,349 ቁራጭ እርስ በርሱ እንዲገጥም ማድረግ የዋዛ አይደለም። ቪዲዮውን ግን በስልክ ሳየው አንድ ነገር ጎደለኝ። መስመሩ የሚጀምርበት ቦታ የለውም። ሁሉም እኩል ነው። ንክሩ የት እንዳለቀ አይታወቅም።

ጎጎ ኤስተር በፓሪስም በሎስ አንጀለስም አልቀሩም። በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ባለችው ምታምቦቲኒ ይኖራሉ። ትከሻቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ። ደማቅ ጭረት ያለው፣ ጨሌ የተሰፋበት። አንገታቸውና እግራቸው ላይ ቀለበቶቹ ናቸው። ይህ ለፎቶ የሚለበስ ሳይሆን ያገባች ንዴቤሌ ሴት ልብስ ነው፤ የእኛ አሮጊት ያለ ነጠላ ከደጅ እንደማትወጣ ማለት ነው። ግቢያቸው ውስጥ ልጆች ያስተምራሉ። ቀለም መበጥበጥ፣ ላባ መያዝ፣ ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ማስመር። ለዘመናት የሴት ሥራ ነበር፤ እሳቸው ወንዶችንም ያስተምራሉ።

በእኛም ዘንድ በሐላባ ግድግዳቸው በውጭ በኩል በሥዕል የሚያጌጥ ቤቶች አሉ። የሄደ ሰው የመስመሩን ጠርዝ ቀርቦ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ብሩሹ ምን እንደሆነ፣ ንክሩ የት እንደሚያልቅ። ፎቶ አይበቃም፤ ፎቶ ብርሃኑን ከፊት ነው የሚቀበለው።

ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል ወደዚያው ሸራ ተመለስኩ። በእጄ የዐውደ ርእዩ መግለጫ ወረቀት ነበር፤ ጠርዙ በማሽን የተቆረጠ። ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሸሸሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወረቀቱን ከዓይኔ ፊት አነሣሁና ጠርዙን ረጅሙ ጥቁር መስመር ላይ አስተካከልኩት። ጠባቂዋ መጣች። የማደርገውን አየች። «ትለካዋለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም ብላ አጠገቤ ቆመች። መስመሩ መሐሉ ላይ ሲደርስ አንዲት የጤፍ ፍሬ ያህል ከጠርዙ ወጣ ይላል፤ ጫፉ ሳይደርስ ይመለሳል።